ለልጄ፦ ስለ ቤትሽ መግቢያ

ደብረ ማርቆስ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ፣

በቅድሚያ ለአንቺ፣ ለባለቤትሽና ለልጆቹ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ እንደምን ከርማችኋል እላለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አያትሽም ከጉልበቷ ሕመም በቀር ደህና ናት፤ ለገና አዲሱን ቤታችሁን ለማየት ከአሁኑ እየተሰናዳች ነው። በቴሌግራም የላክሻቸውን ፎቶግራፎች ወንድምሽ በኮምፒውተር ከፍቶልኝ ደጋግሜ ተመለከትኳቸው። በስልክ እንደነገርሽኝ የፊቱን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ድንጋይ ለማልበስ፣ በረንዳውን በሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ለመቀየርና ከበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ አምዶች ለማቆም አስበሻል። ዕድሜዬን በግንባታ ሥራ ላይ ያሳለፍኩ በመሆኔ አሳቤን በጽሑፍ ማስፈሩን መረጥኩ፤ በስልክ የሚነገር ልኬት ሲነገር ውሎ ሲያድር ይጠፋልና።

አስተያየቴን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ገንዘብሽን በራፍሽ ድረስ ለሚመጣው ሰው አውጪው። አጥርሽ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ የግቢው በርም ድፍን ላሜራ ስለሆነ በመንገድ የሚያልፈው ሰው ከጣሪያው ጫፍ በቀር የሚያየው የለም። ስለዚህ አምዶቹ የሚታዩት ለገባ እንግዳ ብቻ ነው፤ የገባ እንግዳ ደግሞ አስቀድሞ የሚያየው የሚረግጠውን ነው። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የሐረር ጁገልን ውስጡን ዞሮ ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል፤ የቤቶቹ ግድግዳ ወደ መንገድ የሚያሳየው ቀለም የተቀባ ልሙጥ ገጽታውን ሲሆን፣ ጥበቡ የሚታየው በተቀረጸው የእንጨት በር ላይ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን የውሃው ነገር ይታሰብበት። በሁለተኛው ፎቶግራፍ ላይ ከበሩ በስተግራ ያለው ግድግዳ እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሯል፤ ቀለሙም አብጦ ተልጧል። ቀና ብለሽ ብታዪ ምክንያቱ እዚያው ነው፤ የአሸንዳው መውረጃ ቱቦ ከክርኑ ላይ ተሰብሮ ስለቀረ የጣሪያው ውሃ በሙሉ የበረንዳው ጠርዝ ላይ እየወደቀ ወደ ግድግዳው ይረጫል። በዚህ ላይ ድንጋይ ብታለብሺበት እርጥበቱ ከኋላ ታፍኖ ይቀራል፤ ውሎ አድሮም በመጋጠሚያው በኩል ነጭ ጨው እየወጣ ፊቱን ያበላሸዋል፤ ድንጋዩም ከሲሚንቶው እየለቀቀ ይወድቃል። በመጀመሪያ ቱቦው ይቀጠልና ውሃው እስከ ቦዩ ድረስ ይመራ። ቀጥሎ አንድ ባልዲ ውሃ በረንዳው ላይ አፍስሺና ወዴት እንደሚሄድ ቆመሽ ተመልከቺ። ወደ በሩ ከተመለሰ ወይም መሐል ላይ ከቆመ ወለሉ በየአንድ ሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ሆኖ እንደገና መሠራት አለበት። የተበላሸው ልስን እስከ ደህናው ድረስ ተፍቆ ይነሣና ግድግዳው ፀሐይ ይምታው፤ ለዚህ ሥራ ከጥቅምትና ከኅዳር የተሻለ ወር የለም። አዲሱ ልስን ቀለም ከመቀባቱ በፊት አራት ሳምንት ያህል መድረቅ ይኖርበታል፤ ቀለም ቀቢው «ነገውኑ ልቀባው» ቢልሽ እንዳትሰሚው። ለውጭ ግድግዳ የሚሆነው ኳርትዝ ቀለም ነው፤ የቤት ውስጡ ፕላስቲክ ቀለም ርካሽ ነው ተብሎ ውጭ ሲቀባ አንድ ክረምት በቅጡ አይዘልቅም።

አሁን ወደ ደረጃው ልምጣ፤ ፎቶግራፉን ሳየው ብዙ ያሳሰበኝ እሱ ነውና። አራቱ እርከኖች እኩል አይደሉም። የታችኛው የግቢው አፈር ስለታጠበ ከፍ ብሏል፤ የላይኛው ደግሞ የቀድሞው ባለቤት በላዩ ላይ ሊሾ ስለጨመረበት ሳይሆን አይቀርም ከሌሎቹ ይለያል። ሰው ደረጃ ሲወጣ እግሩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት እርከኖች ለክቶ የቀሩትን ሳያይ ይረግጣል፤ ስለዚህ የሁለት ሴንቲ ሜትር ልዩነት እንኳ ያደናቅፋል፣ በተለይም ሲመሽና መብራት ሲጠፋ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ፈረንሳዊው አርክቴክት ፍራንሷ ብሎንዴል ያስቀመጠው ስሌት ዛሬም ይሠራበታል፤ የእርከኑ ከፍታ ሁለት ጊዜ ተወስዶ ከመርገጫው ስፋት ጋር ሲደመር ከ60 እስከ 64 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ለምሳሌ ከመሬት እስከ በረንዳው ወለል ያለው 64 ሴንቲ ሜትር ቢሆን አራት እርከን ባለ 16 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል፤ መርገጫው 31 ሲሆን ድምሩ 63 ይመጣል፤ የአያትሽም ጉልበት ይህን ይችለዋል። በአንድ ወገን 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ እጅ ሙሉ የሚያዝ ክብ የብረት መደገፊያ ይበየድበት። ባለ አራት ማዕዘኑ ብረት ቢረክስም ለአሮጊት እጅ አይመችም።

ሴራሚኩን በተመለከተ፣ የሚያብረቀርቀውን ለሳሎን አድርጊው። ውድ ሴራሚክ ደረጃቸው ላይ አስነጥፈው ሲያበቁ ክረምት ሲገባ ሰው እንዳይወድቅባቸው ጆንያ የሚያለብሱበት ባለቪላዎች ጥቂት አይደሉም፤ ጌጡ ከሰኔ እስከ መስከረም በጆንያ ተሸፍኖ ይከርማል ማለት ነው። ፊቱ ሻካራ የሆነ ጥርብ ጥቁር ድንጋይ ለመርገጫው ይበቃል፤ ለበዓል ቄጤማ ሲጎዘጎዝበትም ያምራል። ከመጀመሪያው እርከን አጠገብ ደግሞ አንድ ክንድ የማይሞላ ላሜራ በቁሙ ሲሚንቶ ውስጥ አስተክዪና የጫማ ጭቃ ይፋቅበት።

የግቢው በር ከሥሩ ዝጓል። ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም የባከነ ገንዘብ ስለሆነ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ ይፈግፈግ፤ የተበላውን በያጅ ቆርጦ ይጣፈው፤ ከዚያ አንቲረስት የሚባለው የዝገት መከላከያ ቀለም፣ በመጨረሻም ሁለት ጊዜ ሲንተቲክ ቀለም ይቀባ። በያጁ በመጣበት እጁ በበሩ የታችኛው ቱቦ ላይ ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ይብሳ፤ በሩን ከውስጥ የሚበላው እዚያ የሚጠራቀመው ውሃ ነው። ስለ ቀለሙ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔን ብትጠይቂኝ ጥቁር አረንጓዴ ወይም ቡና ዓይነት እመርጣለሁ፣ በወርቅማ ቀለም የተነከሩትን ጦሮች ግን ከነጭራሹ ባላይ ደስ ይለኛል። የቤት ቁጥሩ አሁን በሐረጉ ተሸፍኗል፤ ከፍ ብሎ በጉልህ ይጻፍ።

መብራቱን በሚመለከት ሞቅ ያለ ብርሃን ያለው፣ ማለትም በብርሃን ቀለም መለኪያው ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን የሆነ አምፖል በበሩ ጎን ይደረግና ብርሃኑ ወደ ደረጃው ይውረድ። እንግዳን ዓይን ለዓይን የሚወጋው ነጭ መብራት ለመጋዘን እንጂ ለቤት አይሆንም። ቆጣሪውን ቆጣሪ አንባቢ ማየት ስላለበት አትሸፍኚው፤ ሮቶው ግን ወደ ጓሮ ይሂድ፤ የተንጠለጠሉትንም ገመዶች ኤሌክትሪሺያን በቱቦ ሰብስቦ ያስራቸው።

ድንጋይ የመውደድሽን ነገር አልዘነጋሁትም። ግድግዳው ከደረቀ በኋላ በበሩ ዙሪያና ከታች በዞኮሎው፣ ማለትም በግድግዳው እግር በኩል ብቻ የአምቦ ድንጋይ ብታስለብሺ ሙሉውን ግድግዳ ከማልበስ ይልቅ በሩን ያጎላዋል፤ ከሚተርፈው ገንዘብም የደረጃው ወጪ ይሸፈናል። ከደረጃው ግራና ቀኝ የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም በሸክላ ማሰሮ ይቀመጡ፤ የሰው ቀሚስ በነካቸው ቁጥር ይሸታሉ። ቡገንቪሊያው በአጥሩ ላይ ይኑር፣ እሾሁ ግን ወደ መተላለፊያው እንዳይዘልቅ ይከርከም። ዋርካም ሆነ ሾላ በረንዳው አጠገብ እንዳታስተክዪ፤ ሥራቸው ወለል ያነሣል።

ለግንበኛው ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ከመሬት እስከ በረንዳው ወለል ያለውን ከፍታ፣ የበረንዳውን ስፋትና የአራቱን እርከኖች ከፍታ አንድ በአንድ ለክተሽ ላኪልኝ። ከፍታው ሲለካ ሜትሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ልኬቱም ከታጠበው አፈር ላይ ሳይሆን ግቢው ተስተካክሎ ከሚደርስበት ከፍታ ይጀምር፤ አለዚያ የታችኛው እርከን እንደገና ይበላሻል። ልኬቱ እንደ ደረሰኝ የደረጃውን ንድፍ ሠርቼ በወንድምሽ በኩል እልክልሻለሁ፤ ግንበኛውም በዚያው ይሥራ።

አባትሽ