የሽንት ቤቱን ቁልፍ ስጧቸው

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ብዙም ከማይርቅ ሰፈር ነው። የደብራችንን አጥር ተጠግተው፣ ላስቲክ ወጥረው የሚኖሩ ጎረቤቶች አሉን። ጎረቤት ያልኩት አውቄ ነው። ሰሞኑን ከምእመናኑ አንዳንዶቹ "ከንግሡ በፊት ይነሱልን፣ አካባቢውን አቆሸሹት" ማለት ጀምረዋል። እኔ አልስማማም።

መጀመሪያ የት እንደነበሩ እናስታውስ። አብዛኞቹ የሚያድሩት ደቻቱ አሸዋ ላይ ነበር። የድሬ ሰው ያውቀዋል፣ ደቻቱ ሲደርቅ መንገድም ገበያም ነው፤ ግን እኛ ጋ ጠብ ሳይል ላይ ደንገጎ ተራራው ላይ ዘንቦ ጎርፉ በሌሊት ከተፍ ይላል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ የሆነውን ማን ይረሳል? ከ250 በላይ ሰው ነው የሞተብን። ታዲያ ክረምት ሲመጣ ከአሸዋው ወጥተው አጥራችን ሥር መጠጋታቸው ምኑ ነው ጥፋቱ? እኔም ብሆን ልጆቼን ይዤ ወደዚያው ነበር የምሮጠው።

ደግሞ ሰጪዎቹ እኛ ብቻ አይምሰላችሁ። እርግጥ ሰንበቴ ሲኖር ዳቦው ይደርሳቸዋል፣ ተዝካር ያለበትም ሰው አይረሳቸውም። ከመካከላቸው ሙስሊሞች ስላሉ እናቶቻችን በረመዳን ሾርባና ሳምቡሳ ለማፍጠሪያ ይሠሩላቸዋል፤ ይሄ ድሬ ላይ አዲስ ነገር አይደለም። ግን በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ የሚሉት በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ የገባ ጊዜ ማን ለማን ደረሰ? ሰፈሩ መገጣጠሚያውን ተይዞ ተኝቶ ነበር። እነሱም ታመዋል፣ ቀድመው የተነሱት ግን በየበራችን እየዞሩ በጀሪካን ውሃ አመጡልን። እኔ ከአልጋ ወርጄ በር መክፈት አቅቶኝ ሳለ፣ "እትዬ፣ አይነሱ፣ በመስኮት አቀብልዎታለሁ" ያለችኝን ልጅ ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ብር ልስጥሽ ብላት "ለውሃ ደግሞ!" ብላ ሄደች።

ለኪዳን ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚወጡትን አሮጊቶች፣ ውሻ እያባረሩ እስከ ደጀ ሰላሙ የሚሸኟቸውም የላስቲክ ቤቶቹ ልጆች ናቸው።

ወደ ቆሻሻው ጉዳይ ልምጣ፣ እውነት ነውና። ጠዋት ጠዋት አጥሩ ሥር ይሸታል። ግን የደብሩ ሽንት ቤት ተቆልፎ ነው የሚከርመው፣ የሚከፈተው ለንግሥ ብቻ ነው። ሰው የት ይሂድ? በተለይ ሴቶቹ እስኪጨልም ድረስ፣ በዚህ በድሬ ሙቀት፣ ውሃ እንኳ እየፈሩ ሳይጠጡ ይውላሉ። ይህን የነገረችኝ እዚያው ላስቲክ ውስጥ ሕፃን የምታሳድግ እናት ናት። ስትነግረኝ አቀርቅራ ነበር፣ እኔም ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ጽዳቱን በተራ እንይዛለን ብለዋል፣ የጠየቁት ቁልፉን ብቻ ነው። አቦ፣ አንድ ቁልፍ እኮ ነው!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰበካ ጉባኤው ይሰበሰባል። ይህንኑ እዚያም እናገራለሁ። ከነሱም ሁለት ሰዎች ገብተው እንዲናገሩ እጠይቃለሁ፣ ስለነሱ ይህን ያህል ስናወራ አንድ ቀን እንኳ ጠርተናቸው አናውቅምና። የሌላ አጥቢያ ምእመናን፣ ሽንት ቤታችሁን ከፍታችሁ ከሆነ ጽዳቱንና ውሃውን እንዴት እንደያዛችሁት ጻፉልን። እሑድ ይዤው እገባለሁ።

አንዲት ምእመን
ከድሬዳዋ