የምረቃው ሌሊት አልፏል፤ እግዜር ይስጥልን

ለጎረቤቶቻችን፣ ለባለሱቆች፣ ለወላጆች፣ ከሁሉም በላይ ለተመራቂዎቹ

ልጆቹ ያለ መጠጥ እንዲያሳልፉት የተዘጋጀንለት የምረቃ ሌሊት አልፏል። ሰክሮ መሪ የጨበጠ ልጅ የለም። የተደባደበም የለም። አንድ ልጅ ብቻ ሆስፒታል አድሮ በማግስቱ በእግሩ ወጥቷል። የእሱን ነገር ዝቅ ብለን እናነሳለን። ምስጋናውን ያዘገየነውም ቤተሰቡ እስኪረጋጋ ጠብቀን ነው።

ከባለሱቆቹ እንጀምር። ገበያ በደራበት ሰሞን ደንበኛን “መታወቂያ አሳየኝ” ማለት ቀላል አይደለም። ከኋላ ሰልፍ አለ። ልጁ በቁመት ይበልጣችኋል። “አባቴ ልኮኝ ነው” ይላል። እናንተ ግን “እንግዲያው አባትህ ራሱ ይምጣ” ብላችሁ መለሳችሁት። የመለሳችሁት ገቢያችሁን እንደሆነ እናውቃለን።

ሱቁ ግን አንዱ በር ብቻ ነው። ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች ብዙ ጊዜ መጠጡን ራሳቸው አይገዙትም። ትልቅ ሰው ነው የሚያቀብላቸው። ታላቅ ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ አንዳንዴም የገዛ ወላጅ። ስለዚህ “ገንዘቡ ከእኛ፣ አንተ ግዛልን ብቻ” ተብላችሁ እምቢ ያላችሁ ወጣቶች ልዩ ምስጋና ይገባችኋል። ፋራ እንደተባላችሁ ሰምተናል። ፋራነታችሁ ተመችቶናል።

ወላጆች፣ ያን የጦፈ ስብሰባ ታስታውሱታላችሁ። “ደጅ ተደብቀው ከሚጠጡ እኔ እያየሁ ቤት ይጠጡ” ያላችሁ ጥቂት አልነበራችሁም። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ማንም አልናቀውም። ያቀዘቀዘን የባዮሎጂ መምህራችን ይዘውት የመጡት ጥናት ነው። በአውስትራሊያ 1,900 ገደማ ልጆችን ለስድስት ዓመት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ነው። ወላጅ መጠጥ የሰጣቸው ልጆች ከጉዳት ተጠብቀው አልተገኙም። እንዲያውም በቀጣዩ ዓመት ከሌላ ሰውም መጠጥ የማግኘታቸው ዕድል ከፍ ብሎ ታይቷል። ሕጉ በአንዱ አገር 18፣ በሌላው 21 ዓመት ይላል። የልጆቹ አንጎል ግን የትም ይኑሩ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ገና እያደገ ነው። መጨረሻ የሚበስለው ደግሞ “ቆይ፣ ይሄ ነገር ጣጣ አለው” የሚለው ክፍል ነው። በዚያ ስብሰባ አጥብቀው የተከራከሩን እናት በምረቃው ቀን ግቢያቸውን ለልጆቹ ከፈቱ፤ አንድም የመጠጥ ጠርሙስ ሳይኖር። እናታችን፣ ክብረት ይስጥልን።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። ከእኛ ዝግጅት ወጥቶ ሌላ ቦታ በላይ በላዩ ጠጣ። ከዚያ ወደቀ። አብረውት የነበሩት ጓደኞቹ ቢሸሹ ኖሮ እነማን እንደነበሩ የሚያውቅ አልነበረም። አልሸሹም። በጎን አስተኙት፤ ቢያስመልሰው እንዳይታነቅ። ትንፋሹን እየተከታተሉ አምቡላንስ ጠሩ። ቀጥለው ሌሊቱን ስልክ ይዞ ለሚጠብቀው ተረኛ ወላጅ ደወሉ። ይህን ሁሉ የተማሩት ሁለት ቅዳሜዎቿን ከሠዋችልን ነርስ ነው። ቡና ስካርን እንደማያወጣ የነገረቻቸው እሷ ናት። ቀዝቃዛ ሻወርም አያወጣም። ጉበት አንድ መደበኛ መጠጥ (አንድ ጠርሙስ ቢራ ያህል) ለማጣራት አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ የሚያስቸኩለው ነገር የለም። መጠጡ ከቆመ በኋላም በደም ውስጥ ያለው አልኮል ሊጨምር ይችላል። “ተዉት፣ ተኝቶ ይውጣለት” ማለት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሲጠሩት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ከተቆራረጠ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ጊዜ አይሰጥም።

ልጆቹ ለመደወል የደፈሩት ቃል ስለተገባላቸው ነው። “የደወለ በዚያ ሌሊት አይቆጡትም፤ ጥያቄው ለነገ ይደር” ተባብለን ነበር። ወላጆች ቃላችሁን ጠበቃችሁ። የልጁ አባት ሆስፒታል ሲደርሱ መጀመሪያ ያቀፉት የልጃቸውን ጓደኞች ነው። ቁጣው በማግስቱ መጣ፤ እሱም የአባት ወግ ነው።

ሙዚቀኞቹና አሠልጣኞቹ፣ አዳራሹን እስኪነጋ ያደመቃችሁት እናንተ ናችሁ። ልጅን “አትጠጣ” ብሎ የሚውልበት የሚያመሽበት አለመስጠት የትም አያደርስም። በአይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ15 እስከ 16 ዓመት ከሆኑ ልጆች 42 በመቶው ባለፈው ወር ሰክረን ነበር ብለው ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 5 በመቶ ወረደ። እዚያ ወላጆች በአንድ ቃል ተስማሙ፣ ልጆች አምሽተው ደጅ እንዳይቆዩ ሰዓት ተወሰነ፣ ለስፖርትና ለሙዚቃ ገንዘብ ተመደበ። እኛ የሞከርነው የአንድ ሌሊት ነው። የእነሱ የዓመታት ሥራ ነው። አንወዳደርም።

ጽዳቱን ሳይጠሩ መጥተው የጨረሱት ታዳጊዎች፣ አይተናችኋል።

ተረኛው ስልክ በዕረፍቱ ወራትም አይዘጋም። የሚጎድለን ሰው ነው፤ በተለይ ቅዳሜ ሌሊት ነቅቶ የሚጠብቅ። ፈቃደኛ የሆናችሁ ወላጆች ለኮሚቴው ጸሐፊ ስማችሁን ስጡ።

የወላጆች ኮሚቴ