ቅርብ ያለው ቀድሞ አይደርስም፦ የካርታና የኮምፒውተር ክበብ ዓመት

ዓመቱን የጀመርነው በክርክር ነው። ሰሌዳ ላይ አንድ የሚቃጠል ቤትና ሁለት የእሳት አደጋ ጣቢያዎች ሳልኩ። «ከየትኛው መኪና ይላክ?» አልኳቸው። «ከቅርቡ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ከቅርቡ ጣቢያና ከቤቱ መሃል ወንዝ አሰመርኩ። ድልድዩን በሩቁ ጣቢያ በኩል አደረግኩት። አንድ ልጅ ከኋላ «ቲቸር፣ ይሄማ ማጭበርበር ነው!» አለኝ። የዓመቱ ሥራችን፣ ለእሳት አደጋ መኪና ፈጣኑን መንገድ የሚፈልግ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ከዚያች ወንዝ ወጣ ማለት ይቻላል።

ካርታውን ከኦፕንስትሪትማፕ ወሰድን። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ፣ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ነጻ ካርታ ነው። ለኮምፒውተር መንገድ ማለት ነጥብና መስመር ነው፤ መጋጠሚያው ነጥብ፣ በመጋጠሚያዎች መሃል ያለው መስመር። በየመስመሩ ላይ በሜትር ፈንታ ሰከንድ ጻፍን።

ፈጣኑን መንገድ የምንፈልግበት ዘዴ የኔዘርላንዱ የኮምፒውተር ሳይንቲስት የኤድስገር ዳይክስትራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አምስተርዳም ውስጥ ካፌ ተቀምጦ፣ ያለ ወረቀትና እርሳስ፣ በ20 ደቂቃ ገደማ እንዳሰበው ራሱ ተናግሯል። ይህን ከነገርኳቸው ወዲህ ልጆቹ «ቡና ከሌለ አናስብም» እያሉ አስቸገሩኝ።

ፕሮግራሙን መጀመሪያ ስንሞክረው መኪናው ባሕር ውስጥ ገባ። ኬክሮስና ኬንትሮስን አቀያይረን ነበር። እሱን ስናስተካክል ደግሞ በእግረኛ ደረጃ ሽቅብ ላከው። ማሽኑ ምን ያድርግ? መስመር ነው ተባለ፣ ሄደበት።

ያኔ ነው ሜትር ይዘን የወጣነው። የእሳት አደጋ መኪና ወርዱ ወደ 2 ሜትር ተኩል ነው። ካርታው ላይ ደህና መንገድ የሚመስል አንድ ቅያስ ጫፉ ላይ ሁለት የብረት ምሰሶ ቆሞበታል። ለካነው፤ 2 ሜትር ከ30። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከዚያ ወዲያ ያለውን በር ዝም ብላ ስታይ ቆየችና «ይሄ እኮ ማታ ይቆለፋል» አለች። ሁላችንም በዚያ በር ስንመላለስ ኖረናል። ቀን የተገኘው ፈጣን መንገድ ማታ የለም ማለት ነው። ፕሮግራሙ ላይ የሰዓት ቦታ አልነበረንም፤ ጨመርን። በኔ ግምት የዓመቱ ትልቁ ግኝት ይህ ነው።

የደዋዩ ቦታም አስቸግሮናል። ደጅ ላይ የስልክ ጂፒኤስ ብዙውን ጊዜ እስከ 5 ሜትር ድረስ ልክ ነው። ክፍል ውስጥ ስንሞክረው ግን ነጥቡ 20 ሜትር ያህል ስቶ ከአጥሩ ማዶ አረፈ። 20 ሜትር ምን አላት? ፕሮግራሙ ግን ለነጥቡ የሚቀርበውን መንገድ ስለሚይዝ መኪናውን በጀርባ በኩል ላከው። ዞሮ እስኪመጣ 3 ደቂቃ ተጨመረ። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር (ኤንኤፍፒኤ) ያወጣው ኤንኤፍፒኤ 1710 የተባለው መመዘኛ የመጀመሪያው መኪና ከተነሣ በኋላ በ240 ሰከንድ እንዲደርስ ይጠይቃል። 3 ደቂቃው 180 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ልጆቹ በፕሮግራሙ ውስጥ ጥሪ ተቀባዩ የሚሞላው ቅጽ ላይ «ምን አጠገብ ነዎት?» እና «ስንተኛ ፎቅ?» የሚሉትን ጥያቄዎች አስገቡ።

በወላጆች ቀን ሥራችንን ስናሳይ አንድ አባት «መኪናው ሌላ እሳት ላይ ከሆነስ?» ብለው ጠየቁ። ተያየን። የኛ ፕሮግራም መኪኖቹ ሁሉ ጣቢያ ቆመው የሚጠብቁ ነው የሚመስለው። ከጣቢያው ይልቅ የመኪናውን ቦታ መከታተል ለከርሞ ሥራ ተይዟል። እስከዚያው ሜትሩን የወሰደ ተማሪ ይመልስልን።