ሸራፋዋ ስኒ እኔ ጋ ናት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የፍራንክፈርት ብርድ ብቻ ነው ያስቸገረኝ። ይህን የሚያነብልሽ ወንድሜ እንደሆነ አውቃለሁ። አንተ ልጅ፣ እየዘለልክ እንዳታነብላት!

መጀመሪያ አንድ ኑዛዜ አለኝ። ባለፈው ስደውል «ስድስቱ ስኒ አምስት ሆነ፣ ያ የጎረቤት ልጅ ሳይሰብርብኝ አልቀረም» ብለሽኝ ነበር። ልጁ ምንም አላደረገም። ሸራፋዋ ስኒ እኔ ጋ ናት። የተነሳሁ ዕለት ማለዳ አንቺ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ በካልሲ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኳት። ያን ቀን በስልክ ዝም ያልኩት ኔትወርክ ተቋርጦ አይደለም። አፍሬ ነው።

ለምን እንደወሰድኳት ያኔ ብትጠይቂኝ መልስ አልነበረኝም። ትንሽ የገባኝ አንድ ልቦለድ ካነበብኩ በኋላ ነው። አንቺ ልቦለድ የምታውቂው በሬዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ ወጡን እንዳሳረርሽ ስንቴ ነግረሽኛል! የእኔው ደግሞ የቱርክ ነው። ኦርሃን ፓሙክ የሚባል ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው፣ «የንጽሕና ሙዚየም» ይባላል።

ከማል የሚባል የኢስታንቡል ሀብታም አለ። ሌላ ሴት ሊያጭ ሽር ጉድ እየተባለ ሳለ፣ ሱቅ ውስጥ የምትሠራ ፊሱን የምትባል ደሃ የሩቅ ዘመዱን ይወዳል። ኋላ እሷ ሌላ ታገባለች። እሱ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ እነሱ ቤት ለእራት ይመላለሳል። ባሏም እናት አባቷም እዚያው ናቸው። «ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ነው!» ስትዪ ይሰማኛል። ገና ነሽ። ይህ ሰው ከዚያ ቤት ሲወጣ እጁ ባዶ አይደለም። ጨው መነስነሻውን፣ ማንኪያውን፣ የፀጉር መያዣዋን፣ እሷ የነካችውን ሁሉ ኪሱ እየከተተ ይሄዳል። አጭሳ የጣለቻቸውን የሲጋራ ቁራጮች ሳይቀር 4,213 ሰብስቧል።

አንዱ ዕቃ ከሁሉም በላይ ያስገርመኛል። አይቫ የሚሉት ፖም መሳይ ፍሬ አላቸው፣ ማርማላታ ይሠሩበታል። ከማል የዚያን ፍሬ መፈቅፈቂያ ከእነ ፊሱን ማድ ቤት ይወስዳል። ጊዜው እ.ኤ.አ. በ1980 ወታደሮች ሥልጣን የያዙበት ነው። ሰዓት እላፊን ለአንቺ አላስረዳሽም፣ በደርግ ጊዜ አይተሽዋል። ማታ መንገድ ላይ አስቁመው ሲፈትሹት ያ መፈቅፈቂያ ይገኝበታል። ለወታደሩ ጥርስ ያለው አጠራጣሪ ብረት ነው። ለከማል ደግሞ ፊሱን እናቷ አጠገብ ቆማ የምትሠራበት ማድ ቤት ነው። ብረቱ ያው አንድ ብረት ነው። ደራሲው «ይህ የፍቅር ምልክት ነው» ብሎ አልነገረኝም። መፈቅፈቂያውን ወታደር እጅ ላይ አስቀመጠው፣ በቃ። እኔ እንጃ፣ ሆዴ ተንቦጫቦጨ።

እነ ፊሱን ቴሌቪዥናቸው ላይ የሸክላ ውሻ ያስቀምጣሉ። እዚህ ጋ ብቻዬን ሳቅሁ። የእኛ ቴሌቪዥን ዳንቴሉና የፕላስቲክ አበባው ትዝ አሉኛ!

ከአንቺ ጋ ሰንብቼ ስመለስ ኢስታንቡል ሁለት ቀን አድሬ ነበር። ለገበያ ነው ያልኩሽ አይደል? ገበያም ሄጃለሁ። ግን ፓሙክ የልቦለዱን ሙዚየም እውነተኛ ቤት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ከፍቶታል፣ ቹኩርጁማ በሚባል ሠፈር። መጽሐፉ ውስጥ ትኬት ታትሟል፤ በር ላይ ማኅተም ይመቱበትና በነፃ ያስገቡሻል። መጽሐፉን ከእነ ክብደቱ የተሸከምኩት ለዚህ ነው። ልክ እንደገባሽ አንድ ግድግዳ ሙሉ የሲጋራ ቁራጭ ነው፣ እንደ ቢራቢሮ በመርፌ ተወግቶ። በየሥሩ አጭር አጭር የእጅ ጽሑፍ አለ። አንዳንዱ የከንፈር ቀለም ነክቶታል። አስቢው፣ ፊሱን የምትባል ሴት ኖራ አታውቅም! ሻንጣዬን ይዤ እዚያ ግድግዳ ሥር ቆምኩ። ሻንጣው ውስጥ ያንቺ ስኒ አለች።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ከማልን አልወደድኩትም። ልጅቷ የፊልም ተዋናይ መሆን ነበር የምትፈልገው። ዕቃዋን አንድ በአንድ የለቀመ ሰው ይህን ምኞቷን ግን ከልቡ አላገዘም። እንዲያውም እንቅፋት ሆነባት። በሱ ስናደድ ቆይቼ ዘወር ብዬ ራሴን አየሁት። እኔስ ስኒሽን አነሳሁ እንጂ መቼ ጠየቅኩሽ?

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ወርቃማው መስመር ከግማሽ በላይ ለቋል። የተሸረፈችው ቦታ ላይ ቡናው ገብቶ ጠቁሯል፣ በጥፍሬ ፍቄው አልለቀቀም። ልጅ ሆኜ ቡና ሳቀርብልሽ ያየሁት ትዝ ይለኛል። አቦሉም ቶናውም በረካውም ሲቀዳ ሸራፋዋ ሁልጊዜ ያንቺ ነበረች። ለእንግዳ ሰጥተሻት አታውቂም። ሽራፊዋን በአውራ ጣትሽ ሸፍነሽ በወዲያኛው በኩል ትጠጪ ነበር። እኔ «ደህናው ለሰው፣ የተሰበረው ለእማዬ» ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ግን ይህ የእኔ ትርጉም ነው። ምናልባት ሌላ ነገር ይኖራታል። ምናልባት አባዬ የገዛልሽ ቀን የሆነ ነገር አለ። ምናልባትም ዝም ብለሽ ከንፈርሽ ለምዷት ይሆናል።

እስቲ ንገሪኝ። ወንድሜ ይጻፍልኝ፣ ካልሆነም ድምፅሽን በስልክ ቀድቶ ይላክልኝ። ትመለስልኝ ካልሽ ለፋሲካ ስመጣ በእጄ ይዣት እመጣለሁ፣ በካልሲ አይደለም።

ያን የጎረቤት ልጅ ደግሞ ጠርተሽ ቆሎም ቢሆን ስጪው። የተቆጣሽው እንደሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ጉልበትሽን ሳሚልኝ።

ልጅሽ