ጉልበት እያለው ሥራ የጠፋበት እጅ፤ ለጤና ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዴሪ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕሙማን የእጅ ምርመራ በተሃድሶ ሕክምና ቅጽ ውስጥ እንዲካተት ስለመጠየቅ

የመልቲፕል ስክለሮሲስ (የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ነርቮችን ሽፋን የሚጎዳ በሽታ) ሕመምተኛ ተሃድሶ ክፍል ሲደርስ መጀመሪያ የሚታየው አረማመዱ ነው። ይህ የእኛ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 በነርቭ ሐኪሙ ከርትዝኬ ታትሞ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ኢዲኤስኤስ የተባለው የዚህ በሽታ የጉዳት ደረጃ መለኪያ ራሱ፣ ነጥቡ ከ4 ሲያልፍ በዋናነት የሚጠይቀው ሰውየው ስንት ሜትር እንደሚሄድና ምርኩዝ ይዞ እንደሆነ ነው። እንጀራ የሚቆርሰው፣ ቁልፍ የሚቆልፈው፣ ከኪስ ሳያይ ሳንቲም የሚለየው እጅ በዚህ ሚዛን ላይ ቦታው ትንሽ ነው። በፊዚዮቴራፒና በኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሕመምተኛው የዕለት ተዕለት ሥራውን መልሶ እንዲችል የሚረዳ ሕክምና) የምንሠራ ባለሙያዎች ይህን የምንጽፈው ስለዚሁ እጅ ነው።

ዓይናችንን ጨፍነን ጣታችን መታጠፉን ወይም መዘርጋቱን የምናውቀው ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚነሳ መልእክት በህብለ ሰረሰር ጀርባ በኩል ወደ አንጎል ስለሚወጣ ነው። የክንድና የእጅ መልእክት ወደ ህብለ ሰረሰር የሚገባው በአብዛኛው አንገት ላይ ሲሆን፣ በሽታው ደጋግሞ ከሚመታቸው ቦታዎች አንዱም ይኸው ነው። የነርቩ ሽፋን ማይሊን ሲላጥ መልእክቱ ይዘገያል፣ ይቆራረጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይደርስም። ጡንቻው ግን ደህና ነው። ሕመምተኛው «ጨብጥ» ሲባል አጥብቆ ይጨብጣል፤ ፊቱን ሲያዞር ብርጭቆው ከእጁ ይወድቃል። የነርቭ ሐኪሞች ይህንን የኦፐንሃይም የማይረባ እጅ ይሉታል። ጉልበቱን ብቻ የፈተሸ ባለሙያ «ምንም የለብህም፣ ጭንቀት ነው» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው አሳሳች ነገር ዓይን ነው። የመገጣጠሚያ ስሜቱ የጠፋበት ሰው እጁን እያየ ብዙ ነገር ይሠራል፣ ስለዚህ በብርሃን የተደረገ ምርመራ ጉድለቱን ይሸፍነዋል። ማታ መብራት ሲጠፋ ወይም እጅ ከነጠላ ሥር ሲገባ ጉዱ ይወጣል። የጋለ ጀበና ወይም ምጣድ አጠገብ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ነገሩ የቃጠሎ ጉዳይ ነው።

የምንጠይቀው ሁለት ፈተናዎች አብረው እንዲሠሩ ነው። አንዱ እጁ በዓይን እየታገዘ ምን እንደሚችል ይለካል፣ ሌላው ያለ ዓይን ምን እንደሚቀረው ያሳያል።

የመጀመሪያው ባለ ዘጠኝ ቀዳዳ ሰሌዳ ነው። ዘጠኙን እንጨቶች ከሳህኑ አንድ በአንድ አንስቶ መሰካት፣ ወዲያው አንድ በአንድ መመለስ። ሰዓቱ የመጀመሪያው እንጨት ሲነካ ይጀምራል፣ የመጨረሻው ሳህኑ ላይ ሲያርፍ ይቆማል። በሚጠቀምበት እጅ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በሌላው ሁለት ጊዜ፤ ሳህኑ በሚፈተነው እጅ በኩል ይሁን። ጤነኛ ጎልማሳ በ20 ሰከንድ አካባቢ ይጨርሳል። በአንድ ሰው ላይ የ20 በመቶ ለውጥ፣ ለምሳሌ ከ25 ወደ 30 ሰከንድ መድረስ፣ ትርጉም ያለው ለውጥ ተደርጎ ይወሰዳል። «ደህናው» የሚባለው እጅም ይለካ፤ ብዙ ጊዜ እሱም ደህና አይደለም።

ሰሌዳውን ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም፤ የቴክኒክና ሙያ ተቋም የእንጨት ወርክሾፕ ይሠራዋል። እንጨቶቹ 3.2 ሴንቲሜትር ርዝመትና 6.4 ሚሊሜትር ውፍረት፣ ቀዳዳዎቹ ከመሃል ወደ መሃል 3.2 ሴንቲሜትር ርቀትና 1.3 ሴንቲሜትር ጥልቀት። የሚበላሸው ቀዳዳው ላይ ነው፦ እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ መሰኪያው ይጠብቃል፣ ሰዓቱም በሽታው ሳይብስ ይረዝማል። ስለዚህ ቀዳዳው በጥቂቱ ይስፋ፣ ከሥሩ የማያንሸራትት ጎማ ይለጠፍ፣ አንድ ሕመምተኛም ሁልጊዜ በዚያው ሰሌዳ ይፈተን።

ሁለተኛው ምንም ዕቃ አይፈልግም፤ በስህተት የሚሠራው ግን እሱ ነው። የሌባ ጣት የመጨረሻው መገጣጠሚያ ይመረጣል። ፈታኙ በአንድ እጁ ከመገጣጠሚያው ወደ መዳፉ በኩል ያለውን የጣት ክፍል ያጸናል፣ በሌላው ጫፉን በግራና በቀኝ ጎኑ ይይዛል። ከላይና ከታች ከያዘው ግፊቱ ራሱ መልሱን ይናገራል፤ ሕመምተኛው የሚመልሰው በቆዳው እንጂ በመገጣጠሚያው አይሆንም። መጀመሪያ ዓይን ተገልጦ «ይህ ወደ ላይ፣ ይህ ወደ ታች» ተብሎ ይታያል፣ ከዚያ ይጨፈናል። እንቅስቃሴው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ይሁን፣ ጤነኛ ሰው ይለየዋል። ቅደም ተከተሉ ይዘበራረቅ፣ አሥር ጊዜ ይደገም። በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው ከአሥሩ አምስቱን ያገኛል፣ ስምንትና ከዚያ በላይ በግምት የሚያገኝ ግን ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ሞክሮ «ደህና ነው» ብሎ መጻፍ ምርመራ አይባልም። ጣቱ ካቃተው ወደ ላይ እየወጡ የጣቱን ሥር መገጣጠሚያ፣ የእጅ አንጓን፣ ክርንን መፈተሽ ነው።

ከዚህ ጋር ሁለት አጫጭር ነገሮች ይጨመሩ። ክንዶች ተዘርግተው ዓይን ሲጨፈን ጣቶቹ ክራር እንደሚመታ ሰው በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ ከሆነ የስሜት መጥፋት ምልክት ነው። አፍንጫን በጣት መንካት ዓይን ተገልጦም ከተዛባ ሴሬቤለም (እንቅስቃሴን የሚያቀናጀው የአንጎል ክፍል) ይጠረጠራል፣ ሲጨፈን ብቻ ጎልቶ የሚብስ ከሆነ የመገጣጠሚያ ስሜት። ልምምዱም በዚሁ ይለያያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የህብለ ሰረሰርን ጀርባ የሚጎዳው ይህ በሽታ ብቻ አይደለም፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና የቆየ ቂጥኝም ያደርጉታል፣ ሁለቱም ይታከማሉ። ቅጹ ላይ ጉድለት የተመዘገበበት ሰው የደም ምርመራ ይታዘዝለት። ሙቀትና ትኩሳት የቆየ ምልክትን ለጊዜው ያባብሳሉና ልኬቱ በቀዝቃዛ ሰዓት፣ ሕመምተኛው ሳይደክም ይደረግ። ያለ ትኩሳት ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ አዲስ ጉድለት ግን ወደ ነርቭ ሐኪም ይላክ። የመድኃኒቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ሪቱክሲማብን ለዚህ በሽታ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ማስገባቱን ብቻ እዚህ እናስታውሳለን።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ በተሃድሶ ቅጹ ላይ አራት መስመሮች እንዲጨምር እንጠይቃለን፦ የቀኝና የግራ እጅ ሰከንድ፣ የቀኝና የግራ ጣት ትክክለኛ መልስ ከአሥር። ሥልጠናው ግማሽ ቀን ይበቃዋል፤ ፊዚዮቴራፒና ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚያስተምረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለመነሻ ምቹ ቦታ ነው። የሰሌዳውን ንድፍና የቅጹን ረቂቅ በተጠየቅን ጊዜ እናቀርባለን።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮዎች