ጅሬን ላይ ለጠራቢዎች ዳስ ይፈቀድልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

«ኪነ ጥበብ ለልማት» የሚለውን ነገር በየስብሰባው እሰማለሁ። ድንኳን ይተከላል፣ ሙዚቃ ይከፈታል፣ እኛም በርጩማችንን ይዘን እንድንቀርብ እንጠራለን። ባለሥልጣን ይጎበኛል፣ ፎቶ ይነሳል። ማታ ድንኳኑ ይነቀላል፤ እኛም በርጩማችንን ተሸክመን ወደ ቤት።

እኔ ጅማ ውስጥ በርጩማ እየጠረብኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። ለማያውቀው ልንገር፤ ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው። ሚስማር የለውም፣ ኮላ የለውም። መጥረቢያ ቅርጹን ያወጣል፣ መሮ ያሳምረዋል። መቀመጫው ጎድጎድ ስለሚል ረጅም ሰዓት ቢቀመጡበትም አያደክም። እንጨቱ ሳይደርቅ ከቸኮሉ ግን ይሰነጠቃል፤ ያ ሁሉ ልፋት ለማገዶ ይሆናል።

ገዢ አለ፤ የምንገናኝበት ቦታ ነው የጠፋው። ጅማ የመጣ እንግዳ ጅሬን ሳይወጣ አይመለስም። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያ ነው። እንግዳው የእንጨት ሥራውን አይቶ ይደነቃል፣ ፎቶ ይነሳና ይወርዳል። እንጨት የሚጠርብ ሰው ዛሬም ከታች ከተማው ውስጥ እንዳለ ማን ይንገረው? ይሄኔ አንድ ነጋዴ የኔን በርጩማ አዲስ አበባ ወስዶ በእጥፍ ሸጦታል። እሱም ይብላ፣ አልቀናም። የሚከፋኝ ገዢው ከማን እጅ እንደወጣ አለማወቁ ነው። ከሥሩ ስማችንንና «ጅማ» የሚለውን በጋለ ብረት ብናትምበት ምን ይለናል?

ስለዚህ ከቤተ መንግሥቱ አቅራቢያ አንድ ዳስ ይፈቀድልን። በተራ እየወጣን እዚያው እንጥረብ። ጠራቢ በሥራ ላይ ያየ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም፤ ቆሞ ይጠይቃል፣ ይዳብሳል፣ ዋጋ ይከራከራል። ስፌት የሚሰፉ እናቶችም አብረውን ይቀመጡ። ቡና የሚያፈላ ደግሞ በጅማ አይጠፋም! የከተማችን ሆቴሎችና ካፌዎችም የፕላስቲክ ወንበር ከመደርደራቸው በፊት እስቲ እኛን ይጠይቁን። የአንድ ካፌ ትዕዛዝ ሁለት ሦስት ወጣት ሥራ ያስይዛል።

እንጨቱ ግን ያሳስበኛል። ዋንዛ እንደ ድሮው አይገኝም። ለቡናው ጥላ ስለሆነ ገበሬው ቢሳሳለት አይፈረድበትም። ክረምት በመጣ ቁጥር ችግኝ እንተክላለን፤ እስቲ ዋንዛም በብዛት ይታደለን። እኔ ባልደርስበት ልጆቼ ይጠርቡታል።

ለዳሱ በጀት የለም እንዳይባል፣ ከጓደኞቼ ጋር ተነጋግረናል። የሚመለከተው ክፍል ቦታውን ብቻ ያሳየን። ቆርቆሮውን እናዋጣለን፤ ምሰሶና ማገሩ ከኛው እጅ አያልፍም።

አንድ በርጩማ ጠራቢ፣ ከጅማ