ቅንጨ አረም መስከረምን አይጠብቅም

ለአዳማ ከተማ አስተዳደር
አዳማ

ጉዳዩ፦ የአረም ነቀላው ወደ ሰኔና ሐምሌ እንዲመጣ ስለመጠየቅ

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ አስፋልትም ስለ ቧንቧም አይደለም፤ ለእሱ ሌላ ቀን አናጣም። ነገሬ ስለ ቅንጨ አረም፣ ስለዚያ ነጭ አበባ ስላለው ወራሪ አረም ነው።

በየሰፈሩ የጽዳት ዘመቻ የሚደምቀው መቼ ነው? ነሐሴ ሲያልቅ፣ ለአዲስ ዓመት። ቀጥሎ ለመስቀልና ለኢሬቻ። ሰዉ ማጭድና አካፋ ይዞ ይወጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ደስ ይላል። አረሙ ግን የእኛን በዓል አይቆጥርም። ዝናብ ጠብ ሲል ይበቅላል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባል። ሰኔ ላይ የበቀለው ሐምሌ ሲያልቅ አበባ ላይ ነው ማለት ነው። ደህና አድርጎ ያደገ አንድ እግር ብቻውን 15,000 እና ከዚያም በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ጳጉሜን ላይ ማጭድ ስናነሳ ዘሩን እያራገፍንለት ነው። ታጭዶ የቀረው ጉቶም ርጥበት ካገኘ እንደገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ማጨድ ይቅርና ከነሥሩ ይነቀል፤ መሬቱ በክረምቱ መጀመሪያ ሲርስ ደግሞ ሥሩ ሳያስቸግር ይወጣል።

ሌላው ችግር አለማወቅ ነው። ብዙዎቻችን አረሙን የምናውቀው ወገባችን ደርሶ ነጭ አበባውን ሲነሰንስ ነው። ያኔ ረፍዷል። መታወቅ ያለበት ገና ቡቃያ ሳለ፣ መሬት ላይ ተንጠፍጥፎ ክብ ሠርቶ ሲቀመጥ ነው። ቅጠሉ የካሮት ቅጠል ይመስላል፤ ትንሽ ሰፋ ያለና ግራጫ የቀላቀለ አረንጓዴ ነው፤ ሲዳብሱት ፀጉራም ነው። ሲረዝም ግንዱ ላይ ከላይ እስከ ታች መስመር መስመር ይታያል። አበባዋን ጠጋ ብሎ ላያት፣ ጠርዟ ላይ አምስት ጥቃቅን ነጭ ጥጎች አሏት። ይህን የሚያሳይ ባለቀለም ፖስተር በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በየቀበሌውና በየትምህርት ቤቱ ቢለጠፍ ስንት ብር ይፈጃል?

ተማሪ በባዶ እጁ ለነቀላ ማሰለፍ ግን ይቅር፤ በእናታችሁ። ቆዳ ያስቆጣል፣ ያሳክካል፤ ብናኙ ደግሞ ያስነጥሳል፣ አስም ያለበትን ሰው ያፍነዋል። ጓንት ቀድሞ ይገዛ። ከብት አርቢዎቻችንም ላም ከበላችው ወተቱ እንደሚመር ያውቃሉ።

አሁን አረሙ ወደሚበቅልበት የግንባታ አፈር ልምጣ። እኔ ሰፈር አንድ የቆመ ግንባታ አለ። ገረጋንቲው፣ ማለትም የሙሌት አፈሩ፣ በሲኖ መጣ፣ ተደፋ፣ ከዚያ ባለቤቱ ጠፋ። በቀጣዩ ክረምት ክምሩ በቅንጨ አረም ተሸፈነ። ከቆርቆሮ አጥሩ ሥር ሾልኮ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ ጎርፉ ደግሞ ዘሩን ይዞ ወደ ታች ወረደ። አሁን ከቦዩ ግራና ቀኝ ያለው ጥግ ሁሉ የእሱ ነው። ይህ አረም ድሮም የሚጓዘው እንዲህ ነው። አገራችን ሲገባም በእርዳታ እህል መጣ የሚል አለ፣ በኢትዮ-ሶማሊያ ጦርነት ጊዜ በመኪና ጎማ መጣ የሚልም አለ። አዳማ ደግሞ የምሥራቁ መኪና መንገድም ባቡሩም የሚያልፍባት ከተማ ናት። ስለዚህ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ አንድ ግዴታ ይጨመር፦ ሥራው ቢቆምም ባለይዞታው አረሙን ሳያብብ ይነቅላል። ካልነቀለ ይቀጣ።

ሰው የማይደርስበት ቦታስ? እዚህ ጎረቤታችን ወለንጪቲ ላይ በ2008 ዓ.ም. የዚህን አረም ቅጠል የሚበላ ጥንዚዛ ተለቋል። ትውልዱ ሜክሲኮ ነው፤ ሕንድ ከእኛ ብዙ ዓመት ቀድማ ተጠቅማበታለች። ጥንዚዛ ብቻውን ከተማ አያጸዳም፤ ለባቡር ሐዲዱ ዳርና ለገደላገደሉ ግን ሊያግዝ ይችላል። ከአምቦ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ከባድ አይመስለኝም።

በቅርባችን ያለውን የቆቃ ሐይቅን የውሃ አረም፣ እምቦጭንም አስታውሱ። ጣና ላይ ከመታየቱ ከአርባ ዓመት በላይ ቀድሞ ቆቃ ላይ ታይቷል፤ እንደ ጣናው ግን አልተጮኸለትም። ለእሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ያስፈልገዋል።

ለአሁኑ የምጠይቀው ይህን ነው። ፖስተሩና ጓንቱ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይድረስ። ዝናቡ ከያዘ በሦስተኛው ሳምንት የመጀመሪያው ነቀላ ይውጣ፤ ከወር በኋላ አዲስ ለበቀለው ይደገም። ቀኑም በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ አስቀድሞ ይለጠፍልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዳማ ነዋሪ